ቤንዚን አነሰው የምትለው ጌጅ

መኪናዬ ደህና ነበረች። ይህን ገና ሳልጀምር የምናገረው፣ ኋላ እየተበሳጫችሁ "ቀድሞ ነገር ምን ሆና ነው የነካሃት?" እንዳትሉኝ ነው። ምንም አልሆነችም። ቁልፍ ሲያዞሩላት ትነሳለች፣ ነዳጅ ሲሰጧት ትሄዳለች፣ ፍሬን ሲይዙባት ትቆማለች። መካነ ሰላም ውስጥ ከአሮጌ ፒካፕ ከዚህ የበለጠ የሚጠብቅ ሰው ቢፈለግ እኔ ብቻ ነኝ የምገኘው።

ጣጣው የጀመረው ጅዳ ነው። እዚያ የእሽቅድምድም መኪና የሚያዘጋጁ ሰዎች ጋራዥ ውስጥ ዓመታት ሠርቻለሁ። "ሠርቻለሁ" ስል መኪና አጥቤአለሁ፣ ወለል ጠርጌአለሁ፣ ሌሎች ሲሠሩ መብራት ይዤላቸዋለሁ ማለቴ ነው። መብራት የሚይዝ ሰውም ታዲያ ዓይን አለው። ሞተሩን የሚያዝዘውን የፋብሪካ ኮምፒውተር ነቅለው፣ እንደፈለጉ የሚያዝዙት ሌላ ኮምፒውተር ሲገጥሙ አያለሁ። ከሹፌሩ ፊት ደግሞ ቁጥር የምታበራ አንዲት ክብ ጌጅ ይሰካሉ። ያቺ ጌጅ ልቤን ወሰደችው። ወደ አገሬ ስመለስ ሌላው ሰው ብርድ ልብስና ቴምር ሲያሽግ፣ እኔ አንድ ኮምፒውተርና አንዲት ጌጅ በፎጣ ጠቅልዬ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትሁ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ "ኢንጂነሩ" ይለኛል። አንድም ቀን "ኧረ እኔ መብራት ያዥ ነበርሁ" ብዬ አላውቅም።

ጌጇ ምን እንደምትሠራ ባጭሩ ልንገራችሁ፣ ሳትሰለቹ። ሞተር የሚበላው ቤንዚን ብቻ አይደለም፤ አየርም ይበላል። ለአንድ እጅ ቤንዚን አሥራ አራት እጅ ከምናምን አየር ይፈልጋል። ቤንዚኑ ካነሰ ሞተሩ ይግላል፣ ይደክማል። ከበዛበት ደግሞ ይታፈንና ጥቁር ጭስ ይተፋል። ጭስ ማውጫው ላይ የሚሰካ ሴንሰር የሚወጣውን ጭስ እያሸተተ ለጌጇ ይነግራታል፤ እሷም በቁጥር ታሳያለች። ቁጥሩ ከፍ ካለ ቤንዚን አንሶታል፣ ዝቅ ካለ በዝቶበታል። አዲሱ ኮምፒውተር ደግሞ እሷን እያየ ቤንዚኑን ራሱ ይጨምራል፣ ራሱ ይቀንሳል። አያችሁ? ልጅ እንኳ የሚገባው ነገር ነው። ለእኔ ነው ያልገባኝ።

አሁን ወደ እቴቴ ዘይነባ ልምጣ። እቴቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናቸው፤ እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ሐያት የምትባል። ሪያድ ሰው ቤት ልትሠራ ከሄደች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ ስትሄድ ገና ጉርምስናዋን አልጨረሰችም ነበር። ባለፈው "ልመጣ ነው" ብላ ደወለች። ከሪያድ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ኮምቦልቻ። እቴቴ ስልኩን በሁለት እጃቸው ጨብጠው እንዲህ አሏት።

"ስሚኝ ሐያቴ፣ ከእኔ በፊት ማንንም እንዳትስሚ። ኤርፖርቱ በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። መጀመሪያ የምታይው እኔን ነው፤ አደራ!"

ዘጠኝ ዓመት የጠበቁ ሴትዮ የለመኑት ይህችን ብቻ ነው፤ ከሰው ሁሉ ቀድመው ልጃቸውን መሳም። እኔም ደረቴን ነፍቼ "እኔ ራሴ በመኪናዬ አደርስዎታለሁ" አልሁ።

እዚህ ላይ ቆሜ ቢሆን ዛሬ የማወራችሁ ወሬ ባልኖረኝ። ግን አልቆምሁም። ከመካነ ሰላም በአቀስታ አድርጎ ደሴ የሚወስደው መንገድ ጉጉፍቱ ላይ ሲደርስ ሰማዩን ሊነካ ይቃረባል፤ አየሩ ሳስቶ መኪናውም ሰውም እኩል ያለከልካል። ፒካፔም እዚያ ላይ ስትደርስ ታቃስታለች። "የሪያድን መኪና የለመደች ልጅ እያቃሰተች በምትሄድ ፒካፕ ላመጣት ነው?" አልሁ ለራሴ። ልጅቷ የሪያድን መኪና ያየችው በወጥ ቤት መስኮት ብቻ መሆኑን የሰማሁት ከሁሉ ነገር በኋላ ነው። ብቻ ያን ዕለት የፎጣውን ጥቅልል ፈታሁ።

መግጠሙ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ሁለቱን ማስማማቱ ነው። ጌጇ አሥራ አራት ተኩል ስትል ኮምፒውተሩ አሥራ ሦስት ይላል። በአንድ ሽቦ ተያይዘው፣ አንድ ጭስ እያሸተቱ አይስማሙም! ስንት ቀን ሽምግልና ተቀመጥሁላቸው። ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ አንዴ የእሷን አምናለሁ፣ አንዴ የእሱን። ለካ የነጌቲቭ ሽቦአቸው ለየብቻው ታስሮ ኖሯል፤ አንድ ቦታ ሳስርላቸው ቁጥራቸው ገጠመ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ሁለቱ ተስማምተው መዋሸት እንደሚችሉ ግን አልጠረጠርሁም።

የቀረኝ የመጨረሻው ሥራ ጌጇን ማስተካከል ነበር። መመሪያው ግልጽ ነው። ሴንሰሩን ከጭስ ማውጫው ንቀለው፣ ንጹሕ አየር ላይ ስቀለው፣ እስኪግል ጠብቅ፣ መብራቷ ብልጭ ስትል ቁልፏን ተጫን። እሷም "ንጹሕ አየር ማለት ይህ ነው" ብላ ትይዛለች፤ ከዚያ ወዲያ ጭሱን ሁሉ የምትለካው በዚያ ነው። ንጹሕ አየር! የመካነ ሰላም ሰው ሌላ ምን ሀብት አለው? ሴንሰሩን ግቢው መካከል ልብስ በሚሰጣበት ገመድ ላይ ሰቀልሁትና እጄን አጣምሬ ቆምሁ።

ሰው ተሰበሰበ፤ በሰፈራችን የተሰቀለ ብረት በየቀኑ አይታይም። ጎረቤታችን ጋሽ ይመርም መጡ። ጋሽ ይመር ከሥራ ጡረታ የወጡ፣ ከወሬ ግን ያልወጡ ሰው ናቸው፤ ከእኛ ጋር ኮምቦልቻ ሊሄዱ ጋቢያቸውን ካሳጠቡ ሰንብተዋል።

"ይሄ ደሞ ምንድን ነው?" አሉ ሴንሰሩን በከዘራቸው እያመለከቱ።

"የመኪናዋ ልብ ነው ጋሽ ይመር" አልሁ። አፌን በቆረጠው!

ይህን እቴቴ ሰሙ። ወደ ጓዳ ገቡና በገል ላይ ፍም አድርገው፣ ፍሙ ላይ ቀበርቾ ጨምረው እያጨሱ ወጡ። ቀበርቾ ዓይን ያርቃል፤ ይህን በኛ አገር የማያውቅ የለም።

"ልጄ፣ ይችን መኪና ያላየ ሰው የለም" አሉ። "ልጄን የማመጣባት መኪና ናት። ዓይን እንዳይገባት።"

መኪናዋን በጭሱ ዞሯት። በኮፈኗ ሥር፣ በጎማዎቿ ሥር አጠኗት። ከዚያ ወደ ገመዱ መጡ።

"ዋናው ይሄ ነው አላልህም?" ብለው ገሉን ቀጥ አድርገው ከሴንሰሩ ሥር ያዙት። ጭሱ ሴንሰሩን ዋጠው፤ ገመዱም ጠፋ፣ እኔም አስነጠሰኝ። ጋሽ ይመር "በሉ ዱዓ እናድርግ" ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ ግቢው ሁሉ እጁን ዘረጋ። ያቺ የተረገመች መብራት ብልጭ ያለችው በዚህ ሰዓት ነው። በአንድ እጄ "አሚን" እያልሁ በሌላው እጄ ቁልፏን ተጫንሁ።

ምናለበት "ቆይ እቴቴ፣ ትንሽ ፈንጠር ይበሉልኝ" ብል! ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ግን የሚመርቅ ሰው ፈንጠር በል ይባላል? ደግሞም፣ እውነቱን ልናገር፣ ያ ሁሉ ሰው "አሚን" ሲልልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ነገ ጠዋት ንጹሕ አየር ላይ ብደግመው ማንም አያውቅብኝም ነበር። "ጭስም ያው አየር ነው" ብዬ ተውሁት።

አሁን እንግዲህ አስቡት። ጌጇ የቀበርቾ ጭስን "ንጹሕ አየር" ብላ ይዛለች። በዚያ ስትለካው የሞተሩ ጭስ አየር የበዛበት ይመስላታል፤ ሞተሩ የፈለገውን ያህል ቤንዚን ይጠጣ፣ ለእሷ ሁልጊዜ ቤንዚን አንሶት ነው የሚታያት። እሷ "አነሰው" ስትል ኮምፒውተሩ ይጨምራል። ኮምፒውተሩ ጌጇን ያምናል፣ እኔ ኮምፒውተሩን አምናለሁ፣ እቴቴ እኔን ያምናሉ። ሦስታችንም እንዲህ ተማምነን ሐያት የምትመጣ ዕለት ማለዳ ተነሳን።

እቴቴ አዲስ ቀሚስ ለብሰዋል፣ እጃቸውን ሂና ሞቀዋል። ከተማውን ሳንወጣ መንገደኛው ሁሉ እጁን ያወዛውዝልን ጀመር።

"ሰዉ እንዴት ቢወደን ነው!" አሉ እቴቴ፣ በመስኮት አጸፋውን እየመለሱ።

ጋሽ ይመር ወደ ኋላ ዞረው አዩ። "ኧረ መንገዱ አይታይም! ጭሱን ነው እኮ የሚያሳዩን።"

"ሞተሩ እስኪላመድ ነው" አልሁ።

አቀስታ ስንደርስ የሁላችንም ዓይን ያለቅሳል። እቴቴ በሻሻቸው አፍንጫቸውን ሸፍነዋል። ጋሽ ይመር ጋቢያቸውን እያሸተቱ "ወላሂ ይሄ ጋቢ ክብሪት ቢያገኝ ብቻውን ደሴ ይገባል" አሉ።

"ቤንዚን ይሸታል፣ ልጄ" አሉ እቴቴም፣ እንዳይከፋኝ ቀስ ብለው።

"አይደለም እቴቴ። ይኸው ጌጇን ይዩዋት፤ እንዲያውም አንሶታል ነው የምትለው።"

እቴቴ ቁጥር አያነቡም፤ የበራውን አዩና "ማሻ አላህ" አሉ። እኔ ደግሞ ቁጥር አንባቢው፣ ጥቁር ጭስ በመስተዋት እያየሁ፣ ቤንዚን በአፍንጫዬ እየሳብሁ፣ "አነሰው" የምትል መብራት አምኜ ኮምፒውተሩ የበለጠ እንዲጨምር ፈቀድሁለት። ነዳጁም ከመንገዱ ቀድሞ እያለቀ ነው። አቀስታ ላይ በጀሪካን ከሚሸጡት ሞላሁ። ጋሽ ይመር ይህን ሲያዩ፣ "እኔ የማውቀው ያነሰው ሰው ሲጨምሩለት ዝም ይላል" አሉ። 

ጉጉፍቱ ደረስን። ጭጋጉ ወርዷል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ፒካፔ ሁለት ጊዜ ሳለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ጸጥ አለች። ቁልፉን አዞርሁ፤ ተንፈራገጠች እንጂ አልተነሳችም። ኮፈኑን ከፍቼ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ስፈታቸው ጥቀርሻ ለብሰው በቤንዚን ርሰዋል። ጠርጌ መለስሁ፤ ደግማ ረጠበች። ላፕቶፑን ኮፈኑ ላይ አስቀመጥሁ። እረኛው፣ ገበሬው፣ መንገደኛው ከበበኝ።

"ኮምፒውተሩ ምን አለ?" አለ አንዱ።

"ቤንዚን አንሶታል ይላል።"

ጋሽ ይመር ከዘራቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉና ጣታቸውን ጭስ ማውጫው ውስጥ ከተቱ። ጣታቸው ጥቁር ሆኖ ወጣ፤ ያንጠባጥባል። ከአፍንጫዬ ሥር አምጥተው "እሺ፣ ለማን ነው ያነሰው?" አሉኝ። ከበው የቆሙት ሁሉ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ፊቴ ነደደ።

አሁን የምነግራችሁን ባልነግራችሁ እወድ ነበር። ከኋላችን አንድ ሚኒባስ መጥቶ ቆመ። ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ "ደሴ! ደሴ ያለ! የሁለት ሰው ቦታ አለ!" አለ። ሰዓቱ ገና ነው፤ ደሴ ገብተው ኮምቦልቻ ለመውረድ በቂ ጊዜ አላቸው። እቴቴ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አወጡ።

"እቴቴ፣ አሁን ትነሳለች እኮ" አልሁ። "ትንሽ ብቻ ይታገሡኝ።"

"ልጄ፣ ሰዓቱ..."

"እኔን አያምኑኝም?"

እቴቴ አዩኝ። ከበው የሚስቁትን ሰዎች አዩ፣ እኔን ደግመው አዩ። እግራቸውን ከደረጃው አወረዱ።

"ሂድ ልጄ፣ አላህ ያሳልፍህ" አሉት ረዳቱን። "የእኛዋ አሁን ትነሳለች።"

አመኑኝ ብዬ ነበር ያን ጊዜ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ሰው ፊት እንዳላፍር ብለው ነው የወረዱት። ሰውን ያህል ነገር፣ ልጃቸው እየጠበቀቻቸው፣ የእኔን ፊት አዳኑ። እኔ ምን አዳንሁ? አንዲት ጌጅ።

አልተነሳችም። ስሞክር ስሞክር ባትሪውም ሊያልቅ ሆነ። ሌላ ሚኒባስ ብንጠብቅ ሁሉም ጢም ብሎ እየሞላ ያልፋል። የአውሮፕላኑ ሰዓት ደረሰ። የእቴቴ ስልክ ጮኸ።

"እማ፣ ወርጃለሁ! የት ጋ ነሽ? በሩ ላይ ነኝ!" የሐያት ድምፅ ለሁላችንም ይሰማል።

"መጣሁ ልጄ፣ መጣሁ! እዚያው ቁሚ..." ሲሉ ኔትወርኩ ጠፋ። እቴቴ ስልኩን ወደ ሰማይ እየዘረጉ በመንገዱ ዳር ወዲያ ወዲህ አሉ። አልተመለሰም።

በስንት ጊዜዬ፣ ያን ሁሉ ካደረግሁ በኋላ፣ ሴንሰሩን ነቅዬ በጉጉፍቱ ንፋስ ላይ ያዝሁት። ጌጇ መለኪያዋ የማያውቀው ቁጥር ላይ ወጥታ ቀረች። ንጹሑን አየር አላወቀችውም። ያን ጊዜ ገመዱ፣ ገሉ፣ ጭሱ፣ "አሚን" ያልሁት ሁሉ ትዝ አለኝና ጎማው ላይ ተቀመጥሁ።

"ምን ሆና ነው?" አሉኝ እቴቴ፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው።

"ሴንሰሯ ነው፣ እቴቴ።"

"ዓይን ነው እኔስ የምለው" አሉ። "አጥኛት ነበር፤ አሳንሼ ይሆናል።"

ምን ልበላቸው? "አላሳነሱም" ልበል? ዛሬም ድረስ አልነገርኋቸውም፤ ልጃቸውን ያስቀረባቸው የራሳቸው ምርቃት ነው ብለው እንዲያስቡ አልፈልግም። ደግሞም አይደለም። እሳቸው የሚያውቁትን በትክክል ሠሩ። ያላወቀው፣ አውቃለሁ ያለው ነው።

ቀኑ ሊመሽ ሲል ከደሴ በኩል ሻንጣ ላዩ ላይ ተራራ አድርጎ የጫነ ሚኒባስ መጣ። እቴቴ ብድግ አሉ። "ሐያት ትሆን?" አሉ። "ኧረ እሷ ኮምቦልቻ እየጠበቀችን ነው" አልሁ። አለፈን። ውስጡ ሐያት ነበረች። ጠብቃ ጠብቃ ሰው ስታጣ፣ ለብቻዋ ሚኒባስ ይዛ መምጣቷ ነው። በኋላ ነገረችኝ፤ ጭጋጉ ውስጥ የቆመች ፒካፕና ብርድ ልብስ የተከናነቡ ሴትዮ አይታ "አላህ ያግዛቸው" ብላ አልፋለች።

የአገሩ ሰው አሳደረን። ሲነጋ ኔትወርኩ ተመልሶ ሐያት ቤት መግባቷን ከጎረቤት ሰማን፤ አንድ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተጨናንቀን መካነ ሰላም ገባን። ግቢው በሰው ሞልቷል። በጉ ታርዶ ተበልቷል፣ ዳቦው ተቆርሷል፣ ሐያትን ያልሳማት የሰፈር ሰው የለም። ትናንት ማታ ከመኪና ስትወርድ የተቀበሏት ጎረቤቶች ናቸው፤ የሻንጣዋን ገመድ የፈቱላትም እነሱ። ከከተማው ሁሉ መጨረሻ የደረሱት እናቷ ሆኑ።

"እንኳን ደስ ያለዎ!" እያለ ሰው ይስማቸዋል፤ እቴቴ ሳይቆሙ በመካከሉ ያልፋሉ። ሐያት ውስጥ ተኝታለች፤ መንገዱ አድክሟት ገና አሁን ነው ዓይኗ የተከደነው አሉ ሴቶቹ።

"እንቀስቅሳት?"

"ተዋት፣ ትተኛ" አሉ እቴቴ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ። እኔ ደጃፉ ላይ ቀረሁ። እቴቴ አልጋው ጫፍ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ፊቷን ለመሳም አልደፈሩም፤ ሂና በሞቀው እጃቸው እግሯን በብርድ ልብሱ ላይ ነካ አደረጓት።

ሐያት ብርግግ ብላ ተነሳች። ዓይኗ አልተገለጠም። እግሯ ከአልጋው ወርዶ ወለሉ ላይ ጫማ ይፈልጋል፣ እጇ ጸጉሯን በሻሽ ሊያስር ይሯሯጣል።

"ነዓም ማዳም! ነዓም፣ ነዓም ማዳም!"

ኮምቦልቻ በር ላይ ቢሆን ኖሮ በቀን ብርሃን፣ ዓይኗን ገልጣ፣ "እማ" ብላ ሮጣ ነበር የምታቅፋቸው። እቴቴ ከሶላት በቀር ዐረብኛ አያውቁም። "አቤት እመቤቴ" ማለቷ እንደሆነ ግን ገባቸው። ልጃቸውን በሁለት ትከሻዋ ያዙና ቀስ አድርገው ወደ ትራሱ መለሷት።

"ተኚ ልጄ፣ ተኚ" አሏት። "ዛሬ ሥራ የለም።"